ትኬት ቢሮው ለምን አልተዘጋም?

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ጅማ ወይም ወደ ጎንደር ለመብረር የሚያስብ ሰው ዛሬ ትኬት ቢሮ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። በስልኩ መቀመጫውን ይይዛል፣ በቴሌብር ይከፍላል፣ ከዚያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በፈጣን መንገዱ ወደ ቦሌ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የአውሮፕላን ሥዕል የተለጠፈባቸው ጠባብ ቢሮዎች ሰው አላጡም።

በሌላው ዓለም የጉዞ ወኪልነት ሥራ ክፉ ቀን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ለወኪሎች በሚከፍለው ኮሚሽን ላይ ጣሪያ አበጀ፤ በ2002 ደግሞ መደበኛውን ኮሚሽን ጨርሶ አቆመ። የቀረውን ኢንተርኔት ጨረሰው። ከ1841 ጀምሮ ስሙ የቆየው የእንግሊዙ የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ በ2019 ሲከስር 150 ሺህ ገደማ እንግሊዛውያን ደንበኞቹ ባሕር ማዶ ነበሩ፤ ወደ አገራቸው የመለሳቸው መንግሥታቸው ነው።

የእኛ አገር ወኪል እስካሁን የቆመው በአመዛኙ በገንዘብ መክፈያው ምክንያት ነው። አብዛኛው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው የባንክ ካርድ በብር የሚሠራ ነው፤ የውጭ አየር መንገድ ወይም የሆቴል ድረ ገጽ አይቀበለውም። ዋጋውን በስልኩ አይቶ፣ ቀኑን መርጦ፣ መክፈያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወኪሉ ግን ብር ይቀበላል፤ ለድካሙ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርና ትኬቱን ይቆርጣል። መተግበሪያ ይህን ችግር ብቻውን አይፈታውም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ትኬቱ ላይ «አርብ 00:30» ተብሎ ታትሟል እንበል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አርብ የሚገባው በእኛ ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ወረቀቱን እንደ ወረደ ያነበበ መንገደኛ አርብ ማታ ሸኚዎቹን አስከትሎ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል። ሥራውን የሚያውቅ ወኪል እስክሪብቶውን ያነሣና ኅዳጉ ላይ «ሐሙስ ማታ 3:30 ቦሌ ይድረሱ፤ በረራው ለአርብ አጥቢያ ሌሊት 6:30» ብሎ በእጁ ይጽፋል። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ውጭ ሲሄዱ ደጋግመው የሚያዩት ያችን መስመር ነው። የስምም ጣጣ አለ፤ መሐመድ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? ትኬቱ ላይ ያለው ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ችግሩ የሚፈነዳው ሻንጣ ሲመዘን ነው።

ወደ አውሮፓ ለሚሄድማ ጣጣው ይበዛል። የሸንገን ቪዛ ጠያቂ የተያዘ በረራ እንጂ የተከፈለ ትኬት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ግን ግዴታው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቪዛው ሳይሰጠው ትኬት ገዝቶ ገንዘቡን አደጋ ላይ ይጥላል።

ጊዜ አልፎባቸዋል የሚባሉት ሌሎች ሥራዎችም ሲታዩ ብዙዎቹ አንድ የተሰበረ ቦታ ላይ የተተከሉ ድልድዮች ናቸው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ውሰዱት። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ተተክቷል፤ ሰውየው ግን አለ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚጽፍ የአዳማ ነዋሪ አቤቱታውን በቋንቋውም በሕጉ ወግም አስተካክሎ የሚያቀርብለት ሰው ያስፈልገዋል። በመቂና በባቱ ጋሪም እንዲሁ ነው፤ ሰው የማመላለሱን ሥራ ባጃጅ ቢቀማውም ዕቃ መጫኑን አልተወም።

ድልድይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች «ትኬቱን እኔ እጨርሳለሁ» ከሚል ደላላ ጋር ሲገናኙ ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ፓስፖርቱና የሕክምና ምርመራው የሠራተኛዋ ነው። በአዋጁ መሠረት ተቀጥራ የምትሄድን ልጅ የአውሮፕላን ትኬት አስከፍላለሁ የሚል ሰው ከወዲሁ ሕግ እየጣሰ ነው። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ኤጀንሲ ቢያጠፋ የሚከሰስበት አድራሻ አለው፤ ደላላው ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱንም ነገ ይቀይረዋል።

እንግዲህ ለአገር ውስጥ በረራ ወኪል ጋ መሄድ ትርፍ ወጪ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ለሚያርፍ ጉዞ፣ የእንግሊዝኛ ቅጽ ለሚያስቸግራቸው ወላጆች ወይም በብር ብቻ መክፈል ለሚችል ሰው ግን የሚጠየቀው ክፍያ የሚያስቆጭ አይደለም። ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ብቻ ከሰጡዎት ግን አይነሡ፤ እሱ መቀመጫ መያዙን እንጂ ትኬት መቆረጡን አያረጋግጥም። የተቆረጠ ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያንን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ።