የኤርባግ መብራት ለምን ይበራል?

በመኪና የፊት ወንበር ላይ ስንቀመጥ ከመሪው በስተጀርባ ብዙ ትንንሽ መብራቶች እናያለን። ከእነዚህ አንዱ ፊደል የለውም፤ ሥዕል ነው። አንድ ሰው ቀበቶ አስሮ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ትልቅ ክብ ነገር አለ። ክቡ የአየር ከረጢት ነው። ሹፌሮች ኤርባግ ይሉታል።

ለመሆኑ ኤርባግ ምንድን ነው? ታጥፎ በመሪው ውስጥና በተሳፋሪው ፊት ለፊት የተሸሸገ የጨርቅ ከረጢት ነው። መኪናው በኃይል ሲጋጭ እንደ ባሩድ ያለ ቅመም በኤሌክትሪክ ይለኮሳል። ከቅመሙ የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን ይነፋዋል። አንድ ሴኮንድ ለ1000 ቢካፈል፣ ይህ ሁሉ የሚፈጀው 30 ያህሉን ነው። የሰውየው ራስ ከመሪው ጋር ሳይላተም ከረጢቱ ይቀበለዋል። ታዲያ ቀበቶን አይተካም። ቀበቶ ያላሰረውን ሰው ራሱ ከረጢቱ ሊጎዳው ይችላል። ሕፃናት ከኋላ ይቀመጡ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ኤርባግ እንደ ጥይት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ተተኩሶ አይሞከርም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ሽቦዎቹን ይመረምራል። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ለጥቂት ሴኮንድ ይበራል፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀረ ወይም መንገድ ላይ ከበራ ብልሽት ተገኝቷል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግጭት ቢደርስ ከረጢቱ ላይከፈት ይችላል።

ብልሽቱ ከምን ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር። ከወንበሩ ሥር የሽቦ መጋጠሚያ አለ፤ ወንበሩ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ፣ ጆንያም በሥሩ ሲጎሰጎስ ይላላል። በመሪው ውስጥ ደግሞ እንደ ጠፍር የተጠቀለለ ስስ ገመድ አለ። መሪው በዞረ ቁጥር ይጠቀለላል፣ ይፈታል፤ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ክላክሱም አብሮ ዝም ሊል ይችላል። የባትሪ መድከም፣ የውሃ መግባት፣ የቀበቶ መቆለፊያ መበላሸትም አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭራሽ የማይበራው መብራት ነው። በመንገዶቻችን ላይ ከምናያቸው መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ተጋጭቶ ከረጢቱ የፈነዳ መኪና፣ አዲስ ሳይገባለት ክዳኑ ብቻ ተለጥፎ ሊሸጥ ይችላል። መብራቱ እንዳያጋልጥ አምፖሉን የሚያወጡ አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ከሌብነት ይብሳል። ስለዚህ በመሪው መሐል ኤስ አር ኤስ የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለበትን መኪና ስትገዙ ቁልፉን አዙሩና እዩ። መብራቱ በርቶ ለብቻው መጥፋት አለበት። ካልበራ በመካኒክ ሳታስመረምሩ ገንዘባችሁን አትስጡ። የቆዩ የጭነት መኪኖች ግን ብዙዎቹ ኤርባግም መብራቱም የላቸውም።

መብራቱ የማይነግረን ነገርም አለ። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ከሠራቸው ኤርባጎች አንዳንዶቹ ቅመማቸው በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበላሻል፤ ሲፈነዱ የብረት ስባሪ ይረጫሉ። ሰውም ገድለዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ፤ መኪኖቹ ግን አሁንም አሉ። ይህ የሚታወቀው በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ነው።

መብራቱ በርቶ ከቀረ መኪናው መሄዱን አያቆምም፤ ቶሎ ወደ ጋራዥ ይወሰድ። ሽቦዎቹን ግን ሙያው የሌለው ሰው አይንካ፤ መጋጠሚያቸው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ፣ ከረጢቱ በነካካው ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።