ልቡ የታመመ ሰው ከአልጋው ስለ መነሣቱ

በቤታችን አንድ ሰው ልቡን ታሞ ከሐኪም ቤት የተመለሰ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል «እረፍ፤ አትነሣ» ይለዋል። ውሃ በእጁ ይሰጠዋል፤ ጋቢ ይደረብለታል፤ ከደጅ እንኳ እንዳይወጣ ይከለከላል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ፍቅር ዕውቀት ካልተጨመረበት የሚወደውን ሊጎዳ ስለሚችል፥ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ቀድሞ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። የልቡ ደም ሥር በድንገት የተዘጋበት ሰው ስድስት ሳምንት ያህል ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሌቪንና ላውን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሕመምተኛውን ፈጥኖ በወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ። በ1966 ደግሞ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኞች ወጣቶች ለ20 ቀን ቢተኙ፥ የሰውነታቸው ብርታት ሩብ ያህል ቀነሰ። መተኛት ጤነኛውን እንዲህ ካደከመ፥ ሕመምተኛውንማ እንዴት አያደክም!

ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገር ለልብ ሕመምተኞች የማገገሚያ ትምህርት ይሰጣል። ይኸውም በልክ የተመደበ እንቅስቃሴ፥ ስለ መድኃኒትና ስለ ምግብ ምክር ያለበት ነው። በ2021 የ85 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲመረመር፥ የልብ ደም ሥር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል እንቅስቃሴውን የፈጸሙት በልብ ሕመም መሞታቸውና ወደ ሐኪም ቤት መመለሳቸው ቀንሶ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ልቡ ደክሞ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ኑሮው ይቀልለታል፤ ሐኪም ቤት መተኛቱም ይቀንስለታል፤ ዕድሜን በማርዘም ረገድ ግን የታየው ጥቅም ጥቂት ነው። በዴንማርክ ቫልቭ የሚባለው የልብ በር በቀዶ ጥገና የታከመላቸው 147 ሰዎች ተጠንተው፥ በ2016 በወጣው ውጤት የሰውነት ብርታታቸው ሲጨምር የመንፈስ ጭንቀታቸው ግን አልተለወጠም። ይህ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው፤ በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይዟልና። በሩ እጅግ የጠበበበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት እንቅስቃሴ አይጀምር።

ስለ ሽማግሌዎችም «ከእንግዲህ ምን ይጠቅማቸዋል?» ማለት ስሕተት ነው። በ2021 በአሜሪካ 349 ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በተጠኑበት ጊዜ፥ አስቀድሞ ሚዛን መጠበቅንና ከወንበር መነሣትን፥ ቀጥሎም መራመድን የተለማመዱት ካልተለማመዱት ይልቅ በረቱ።

እጅግ የሚያሳዝነው የሴቶች ነገር ነው። ከወንዶች ይልቅ ጥቂቶች ይላካሉ፤ ከተላኩትም የሚፈጽሙት ያንሳሉ። እናት ከሐኪም ቤት እንደ ተመለሰች ወደ ምድጃዋ ትገባለችና፥ ቤተ ሰቡ «እንቅስቃሴስ አላት» ይላል። ነገር ግን እንስራ መሸከምና ጭስ ውስጥ መቆም በልክ የተመደበ እንቅስቃሴ አይደለም። አባት የተመከረውን ሲፈጽም እናትም ጊዜዋ ሊከበርላት ይገባል።

የማገገሚያው ቦታ ሩቅ ቢሆን፥ በሐኪም ምክር በቤት የሚደረገውም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ተረጋግጧል። ሲራመድ ያለ ችግር መነጋገር የሚችል ሰው ልኩን አላለፈም። ደረቱን ካመመው፥ ካዞረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ወዲያው ያቁም፤ ሕመሙ ካልተወውም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ደረቱ በቀዶ ጥገና የተከፈተም አጥንቱ እስኪገጥም በእጁ ተደግፎ መነሣት ስለማይገባው፥ ስለ ስግደቱ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ከአቅሙ በላይ አትጭንምና።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፥ ሕመምተኛችንን «ተኛ» ከማለት ይልቅ ሐኪሙን «ለእርሱ የሚስማማው ምን ያህል ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ከዚያም እጁን ይዘን አብረነው እንራመድ። እግዚአብሔር ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን ይላክ።