ሰርትራሊን በጡት ወተት ውስጥ

አንዲት እመጫት እንቅልፍ እያጣች፣ ሆድ እየባሳት፣ ልጇን ማቀፍ እንኳ እየከበዳት ሐኪም ዘንድ ቀርባ ሰርትራሊን ሲታዘዝላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ራሷ አይደለም። «ልጄን አይጎዳብኝም?» ነው የምትለው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያሳዝነው መልሱን በቅጡ ሳያገኙ ክኒኑን ወርውረው የሚተዉ ወይም ልጁን ጡት የሚያስጥሉ እናቶች መኖራቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልግም።

ሰርትራሊን ኤስኤስአርአይ ከሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን ዞሎፍት በሚለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሥራው በአንጎል ነርቮች መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ማድረግ ነው። ለውጡ በአንድ ጀምበር አይታይም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገሥ ይጠይቃል።

የተዋጠው ክኒን ከአንጀት ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። ጡት ውስጥ ወተት የሚሠሩት ሴሎች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ የሚወስዱት ከዚያው ደም ስለሆነ መድኃኒቱም አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ማለፍ የሚችለው ግን በደሙ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ብቻ ነው። ከሰርትራሊን 98 በመቶ ያህሉ የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ወተቱ የሚሻገረው ከተረፈው ጥቂት ነው።

ጥቂት ማለት ስንት ነው? በቁጥር እንየው። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን 50 ሚሊግራም ትወስዳለች እንበል። በአንድ ሊትር ወተቷ ውስጥ 50 ማይክሮግራም መድኃኒት ቢገኝ፣ አምስት ኪሎ የሚመዝነው ልጇ ደግሞ በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ቢጠባ፣ የሚደርሰው 37.5 ማይክሮግራም ነው። እናቲቱ የዋጠችው 50,000 ማይክሮግራም ነበር፤ የልጁ ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሁለቱም ክብደት ሲታሰብ ልጁ በኪሎ የሚያገኘው እናቱ በኪሎ ከምታገኘው አንድ በመቶ አይደርስም። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ይህንን ስሌት ነው፤ ውጤቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ጤናማ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ተቀባይነት አለው ይላሉ። በጥናቶች ላይ የሰርትራሊን ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 3 በመቶ ነው። የሚጠቡ ሕፃናት ደም ሲመረመርም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይገኝም፤ ቢገኝም እጅግ ጥቂት ነው።

ሁሉም የድብርት መድኃኒት ግን እኩል አይደለም። ፍሉኦክሰቲን ሰውነት ውስጥ ሲብላላ የሚፈጥረው ሌላ ንጥረ ነገር ለሳምንታት ሳይወጣ ስለሚቆይ ሕፃኑ ደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ እናቶች የጠቡ ሕፃናት ክብደታቸው በመጠኑ አንሶ እንደተገኘ ገልጿል፤ ከጤናማው ልክ ግን አልወጡም። ዶክሰፒን የሚባለው የቆየ መድኃኒት የሕፃን ትንፋሽ ያዳከመበት አጋጣሚ ስለተመዘገበ ለምታጠባ እናት አይመረጥም። ይህ ማለት ፍሉኦክሰቲን እየወሰደች የዳነች እናት ትቀይረው ማለት አይደለም። የተስማማትን መድኃኒት መቀየር ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ውሳኔው ከሐኪሟ ጋር የሚመከርበት ነው። ነፍሰ ጡር ሳለች ሰርትራሊን ስትወስድ የቆየችም ከወለደች በኋላ ማጥባት የምትፈራበት ምክንያት የለም፤ በእትብት በኩል ለፅንሱ የሚደርሰው በወተት ከሚደርሰው እጅግ ይበልጣል።

የልጆቹን እድገት በተመለከተ፣ በመድኃኒቱ ላይ ሳሉ ካጠቡ እናቶች ልጆች መካከል አብዛኞቹ በአካልም በአእምሮም እንደ እኩዮቻቸው ሆነው ታይተዋል። ጥናቶቹ ጥቂት ሕፃናትን የያዙ መሆናቸውና እስከ ትምህርት ቤት ዕድሜ የተከታተሉት ማነሳቸው መታወቅ አለበት። ከዚህ የሚከብደው ችግር ሌላ ነው፤ ድብርቱ ራሱ ልጅን ይጎዳል። የታመመች እናት ከልጇ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት፣ ማጫወት፣ ሲያለቅስ ፈጥኖ መድረስ ያቅታታል፤ ልጅ ደግሞ ቋንቋውንም ስሜቱንም የሚማረው ከዚያ ነው። በቡታጅራና አካባቢው ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ማጥባት የሚጀምሩት ዘግይተው እንደነበር፣ ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ደግሞ ተቅማጥ ይበዛባቸው እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒት የምትወስድን እናት ልጅ ከጤነኛ እናት ልጅ ጋር ብቻ ማወዳደር ፍርድ ያዛባል። ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበት ያልታከመች እናት ልጅም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ አምስት እናቶች አንዷ ገደማ በአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም በድብርት ትታመማለች። «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ነው። ድብርቱን ለመለየት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ያለው ሲሆን የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው።

ሰርትራሊን ታዞልሽ የምታጠቢ ከሆነ ክኒኑን በራስሽ ጊዜ አታቋርጪው፤ በድንገት መተው ራስ ያዞራል፣ ያስጨንቃል፣ ሕመሙንም ይመልሳል። ወተቱን አልቦ መድፋትም ጥቅም የለውም። ልጅሽ ያለጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። ከወትሮው በተለየ እንቅልፍ ካበዛ፣ ከተነጫነጨ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ክብደት አልጨምር ካለ ይዘሽው ሂጂ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ላመንሽው ሰው ተናግረሽ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ድረሺ።