ስለ እህል ማድረቂያ መኪናና ስለ ሙቀቱ ልክ

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት እህል ደርቆ ጎተራ እስኪገባ ድረስ የእርሱ ሆኗል ለማለት አይቻልም። በማሳ ላይ ሳለ ከአረም፣ ከተምችና ከዝንጀሮ የተረፈው በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ይኸውም በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ አብሮ ወደ ጎተራ የሚገባው እርጥበት ነው። እርጥበት እንደ ተምች በዓይን አይታይም፤ እንደ ዝንጀሮም በጩኸት አይባረርም። የሚባረረው በሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ልክ አለው። ዛሬ ለአንባብያን ለመግለጽ ያሰብነው ይህን ልክ የሚጠብቀውን መሣሪያ፣ ማለት በእህል ማድረቂያ መኪና ላይ ስለሚተከለው የሙቀት መለኪያ ነው።

ነገሩ የፋብሪካ ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎት ቸል የሚል ቢኖር፣ በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004) በጎረቤታችን በኬንያ የደረሰውን ያስታውስ። በዚያ ዓመት በምሥራቅና በማዕከላዊ ኬንያ፣ ይልቁንም በማኩዌኒና በኪቱይ፣ በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ሻገተ፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ አፈራ። ያንን በቆሎ ከተመገቡት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ይህ መርዝ አንድ ጊዜ ከእህሉ ከገባ በኋላ በቤት ውስጥ ማብሰል አያጠፋውም፤ እህሉን ዘግይቶ ማድረቅም የገባውን መርዝ አያስወጣውም። ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

አባቶቻችን እህላቸውን ሲያደርቁ የኖሩት በፀሐይ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ፀሐይ ባለበትና እህሉ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ከዚህ የተሻለና የረከሰ ዘዴ የለም። ነገር ግን ዝናቡ ወቅቱን ስቶ በመከር ላይ ሲወርድ፣ ወይም እህሉ በመቶና በሺህ የሚቈጠር ኩንታል ሲሆን፣ ፀሐይን መጠበቅ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ማድረቂያ መኪና ያስፈልጋል። አሠራሩም በአጭሩ እንዲህ ነው። ማቃጠያው እሳት ያነዳል፤ ማራገቢያው አየሩን በእሳቱ አሙቆ ወደ አንድ ክፍል ይገፋዋል፤ ሙቁ አየር ከዚያ ክፍል ተነሥቶ በእህሉ መካከል ሲያልፍ እርጥበቱን ይወስድና በሌላው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል። የሥራውን ክብደት ለመገመት ያህል፣ እርጥበቱ 22 ከመቶ የሆነ 10 ኩንታል በቆሎ ለጎተራ ወደሚስማማው ወደ 13 ከመቶ ለማውረድ 103 ኪሎ ያህል ውኃ ሊወጣለት ይገባል። ከ10 ኩንታል እህል ውስጥ ከአንድ ኩንታል የሚበልጥ ውኃ ማውጣት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ውኃ ቶሎ ለማውጣት እሳቱን ማብዛት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ለዘር የሚሆን በቆሎ የፍሬው ሙቀት ከ43 ዲግሪ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ፍሬው በጣም እርጥብ ከሆነ ልኩ ከዚያም ዝቅ ይላል። ለወፍጮ የሚሆነው እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው በውስጡ እየተሰነጣጠቀ በወፍጮ ቤት ዱቄቱ ይበላሻል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የዘሩ ነገር ነው። በሙቀት የሞተ ዘር መልኩ አይለወጥም፤ እንደ ጤነኛው ዘር ያብረቀርቃል፣ በከረጢት ተሞልቶ ይሸጣል። ገበሬው በገንዘቡ ገዝቶ፣ በሬውን ጠምዶ፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይዘራዋል፤ አልበቅል ሲለው ምድሩን ወይም ዝናቡን ያማርራል። ጥፋቱ ግን ከወራት በፊት፣ ገበሬው በዓይኑ ባላየው ማድረቂያ ውስጥ፣ በአንዲት ሌሊት ተፈጽሟል።

ይህን ለመከላከል በመኪናው ላይ ሙቀት መለኪያ ይደረጋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥያቄ ይነሣል፤ መለኪያው የሚለካው የምኑን ሙቀት ነው? የአየሩ ሙቀትና የእህሉ ሙቀት አንድ አይደሉም። ጀበና በእሳት ላይ ተጥዶ ውኃ እስካለው ድረስ ደኅና ነው፤ ውኃው ካለቀ በኋላ ግን እሳቱ ባይጨመርበትም እንኳ ግሎ ይሰነጠቃል። እርጥብ እህልም እንዲሁ ነው። ውኃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ስለሚወስድለት ፍሬው ከአየሩ ይልቅ ቀዝቀዝ ብሎ ይቈያል፤ እየደረቀ ሲሄድ ግን ይህ ጥላ ይነሣለትና ሙቀቱ ወደ አየሩ ሙቀት ይጠጋል። እንግዲህ በሥራው መጀመሪያ ላይ ደግ የነበረው ያው እሳት በመጨረሻው ሰዓት ዘሩን ይገድለዋል። በማቃጠያው አጠገብ የተተከለው አንድ መለኪያ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ቊጥር ሲያሳይ ያድራል።

ስለዚህ መለኪያው በአራት ስፍራ መተከል አለበት እንላለን። አንደኛው በሙቁ አየር ክፍል ውስጥ ነው፤ አየሩ በሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይሞቅ፣ ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ያሻዋል። ሁለተኛው በእህሉ መካከል፣ እህሉ ወደ ማቀዝቀዣው ከመውረዱ በፊት፣ ከሙቁ አየር በሚቀርበው ወገን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርቀውና የሚግለው በዚያ ያለው ፍሬ ነውና። ሦስተኛው አየሩ ወደ ውጭ በሚወጣበት በር ላይ ነው። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ገና ብዙ ውኃ አለ፤ ሙቀቱ ከፍ እያለ ከሄደ ግን እህሉ ለመድረቅ መቃረቡን ይነግረናል። አራተኛው ለሥራ ሳይሆን ለአደጋ የሚቆም ዘብ ነው፤ ስለ እርሱ ዝቅ ብለን እንናገራለን።

የመለኪያውም ዓይነት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቴርሞኮፕል ይባላል። የጀርመን የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ዮሐን ዜቤክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1821 በደረሰበት ነገር ላይ የቆመ ነው። ሁለት ልዩ ልዩ የብረት ሽቦዎች በአንድ ጫፍ ተገናኝተው ያ ጫፍ ሲሞቅ እጅግ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይወለዳል፤ በፋብሪካ በብዙ በሚሠራበት ዓይነት ለአንድ ዲግሪ የቮልት ሚሊዮንኛ 41 ያህል ነው። ሁለተኛው የፕላቲኒየም መለኪያ ነው። የፕላቲኒየም ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይከለክላል፤ ይህ ክልከላ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። ቴርሞኮፕል ለማቃጠያው አካባቢ ለብርቱ ሙቀት ይመረጣል፤ እንደ ዘር ሙቀት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ለሚያሳስብ ነገር ግን ፕላቲኒየሙ ይሻላል።

መልካም መለኪያ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ አተካከሉ ሊያዋሸው ይችላል። ዘንጉ ከግድግዳው ጥቂት ብቻ ገባ ብሎ ከተተከለ የሚለካው የግድግዳውን ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ከውፍረቱ ዐሥር እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይደረጋል። ነበልባሉ ፊት ለፊት የሚያየው ዘንግ ደግሞ ከአየሩ በላይ ይግልና ከፍ ያለ ቊጥር ይናገራል፤ በመካከላቸው የቆርቆሮ መከለያ ማድረግ ያሻል። የቴርሞኮፕል ሽቦ መርዘም ካስፈለገው የሚቀጠልበት በዚያው ዓይነት ሽቦ ነው፤ ማናቸውም የመዳብ ሽቦ በመካከል ከገባ ልኩ ይዛባል። የፕላቲኒየሙ መለኪያ በሁለት ሽቦ ብቻ ሲገናኝ የሽቦው የራሱ ክልከላ እንደ ሙቀት ይቈጠራል፤ አንድ ኦም ብቻ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ያሳስታል። ሦስተኛ ሽቦ የሚጨመረው ይህን ስሕተት ለማስወገድ ነው። የመለኪያው ሽቦም የማራገቢያውን ሞተር ከሚያንቀሳቅሰው ኀይለኛ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ሊሄድ አይገባውም።

አሁን ወደ ዘቡ እንመለስ። እሳቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ሙቀቱ ሲያንስ ያነዳል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ነገር ግን የመለኪያው ሽቦ አንድ ሌሊት ቢበጠስ መሣሪያው ምን ያነባል? በትክክል ካልተሰናዳ «ቀዝቅዟል» ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ «ቀዝቅዟል» ባለም ጊዜ እሳት ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። ስለዚህ መሣሪያው ሲሰናዳ ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ ከፍተኛ ሙቀት እንዳነበበ ቈጥሮ እሳቱን እንዲያጠፋ ይደረጋል። ከዚህም በላይ የራሱ መለኪያና የራሱ ሽቦ ያለው፣ ከዋናው መሣሪያ ጋር ምንም የማይገናኝ ቈራጭ ይተከላል። ሙቀቱ ከተወሰነለት ድንበር ሲያልፍ ነዳጁን ይቈርጣል፤ ሰው መጥቶ ምክንያቱን መርምሮ በእጁ እስኪመልሰው ድረስም አይከፍትም። አንዱ ቢያንቀላፋ ሁለተኛው እንዲነቃ፣ ሁለት ዘበኛ በአንድ አልጋ አይተኛም።

ይህ ጥንቃቄ ለዘሩ ብቻ አይደለም። በማድረቂያው ውስጥ ገለባና ብናኝ ይጠራቀማል፤ እነዚህም ሲደርቁ ለእሳት የተዘጋጁ ናቸው። እንደ ሱፍና እንደ ኑግ ያሉት ዘይትነት ያላቸው እህሎች ደግሞ ይበልጥ ያሠጋሉ። እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ሠራተኛው ማቃጠያውንና ማራገቢያውን አብሮ ማቆም አለበት፤ ማራገቢያው እየሠራ ከቀረ እሳቱን እንደ ወናፍ ያናፋዋልና። መለኪያው የቆመው የገበሬውን እህል ብቻ ሳይሆን በሌሊት ተረኛ የሆነውን ሠራተኛ ሕይወት ለመጠበቅ ጭምር ነው።

መለኪያው ከተተከለ በኋላ እውነት መናገሩ መፈተን አለበት። ፈተናው ውድ አይደለም። የተፈጨ በረዶ ከንጹሕ ውኃ ጋር ተደባልቆ ዘንጉ ሲገባበት 0 ዲግሪ ማሳየት ይገባዋል። ቀጥሎ በሚፈላ ውኃ ይፈተናል፤ እዚህ ላይ ግን በትምህርት ቤት የተማርነው 100 ዲግሪ በደጋ አገር አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በድሬዳዋ 96 ገደማ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው በአዲስ አበባ መለኪያውን 100 እንዲያሳይ «አስተካክሎ» ቢተወው ደኅናውን መለኪያ አበላሸው ማለት ነው። ለሙሉ ፍተሻ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ። የእህሉን መለኪያ ለማመሳከር ደግሞ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ፤ ከማድረቂያው ትኩሱን የወጣ እህል በፔርሙዝ ሞልቶ፣ ቴርሞሜትር ሰክቶና አፉን ዘግቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ ማንበብ ነው። ሁለቱ ቊጥሮች ከተራራቁ መለኪያው ይመርመር።

በመጨረሻም መሣሪያ ሁሉ የሚጠቅመው የሚያነበው ሰው ሲኖር ነው። የአራቱም መለኪያ ቊጥር በየግማሽ ሰዓቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ቊጥሩ ከልክ ሲያልፍ ተረኛው ማንንም ሳያስፈቅድ እሳቱን የማጥፋት ሥልጣን ይሰጠው። አለቃው እስኪቀሰቀስ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ ተረኛ ካለ፣ መለኪያው ቢጮህም ማንም አልሰማውም። ሥራው ቶሎ ይለቅ ብሎ ማስጠንቀቂያውን የሚያፍን ወይም ቈራጩን በሽቦ አስሮ የሚያልፍ ሰውም የሚያተርፈው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ለዚያ ጥቂት ሰዓት የሚከፍለው ግን ቤተሰቡን ሊመግብ የዘራው ገበሬ ነው።

እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን አስሰው፣ ሙቀቱን ፈትነው፣ ልኩን ሳያውቁ ሊጡን አያፈሱም። የሚጠይቁት ምጣዱን ራሱን እንጂ ከሥሩ የሚነድደውን እንጨት አይደለም። ማድረቂያ የሚያሠራ ሁሉ ከዚህ የቤታችን ጥበብ ይማር። የእሳቱን ብርታት ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የነገው ዘርና የነገው እንጀራ ያለው በእህሉ ውስጥ ነውና፣ መለኪያችንን ወደ እህሉ እናስጠጋ።