ሞተር ሳይክልና የአየር መሳሳት፦ ካርቡሬተር ወይስ ኢንጀክሽን?

ያገለገለ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተነዳና ስንት ዓመት እንዳገለገለ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ ጥያቄ ልንጨምርባቸው እንወዳለን፤ ይኸውም ሞተር ሳይክሉ እስከ ዛሬ ሲነዳ የኖረው በምን ያህል ከፍታ ላይ ነው የሚል ነው። ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚያዋሕደው ክፍል ካርቡሬተር ከሆነ መልሱ የሞተሩን ዕድሜ እስከ መወሰን ሊደርስ ይችላል።

የምርት ዘመኑን ብቻ አይቶ የትኛው እንደ ተገጠመለት መገመት አያስተማምንም። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ኬ100 ከመነሻው ኢንጀክሽን የተገጠመለት ነበር። የሆንዳው ጎልድ ዊንግ በአንጻሩ እስከ 2000 ድረስ በካርቡሬተር ሲሠራ ቆይቶ በ2001 ሞዴሉ ተለወጠ። ሩቅ ተጓዦች የሚወዱት የካዋሳኪው ኬ.ኤል.አር.650 ደግሞ ከ1987 እስከ 2018 በካርቡሬተር ተመርቶ፣ ኢንጀክሽን ያገኘው በ2022 ሞዴሉ ነው። በመሆኑም ሁለቱም ዓይነቶች ዛሬም በገበያው ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የካርቡሬተር አሠራር ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ከገለጸው መርህ የሚመነጭ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያም ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ከሥር ባለችው ትንሽ ጽዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ቤንዚን የውጭው አየር ስለሚጫነው፣ ቤንዚኑ በቀጭን የናስ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ጉሮሮ ይረጫል። መለኪያም ሆነ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም፤ አየሩ ራሱ ነዳጁን ይጠራዋል። ውበቱም ጉድለቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ልብ እንበል፤ የሚያስፈልገው በግራም የሚለካ አየር ነው እንጂ በሊትር የሚለካ አይደለም። ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት 2,400 ሜትር ላይ፣ ማለትም በአዲስ አበባ ከፍታ ግድም፣ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ላይ ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቤንዚኑ እፍግታ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከፍሰት ሕግ እንደምንረዳው ለተመሳሳይ የግፊት ልዩነት በጉሮሮው የሚያልፈው አየር መጠነ ቁስ የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የ0.79 ስኩዌር ሩት 0.89 ያህል ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ 14.7 የነበረው የአየርና የነዳጅ ንጽጽር ወደ 13 ይወርዳል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጭስ ያበዛል፣ ፍጆታውም ይጨምራል።

ይህ ያስመርራል እንጂ ሞተር አያጠፋም። አደጋ ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የደጋ መካኒክ ጭሱን ለማስቀረት የናሱን ቀዳዳ በጠበበ ይለውጠዋል፤ ለዚያ ከፍታም ትክክለኛ ሥራ ነው። ይኸው ሞተር ሳይክል ተሽጦ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሌላ የባሕር ጠረፍ ሲወርድ ግን እፍግ አየር ይጠብቀዋል፤ 14.7 ሆኖ የተስተካከለው ንጽጽር ወደ 16.5 ይወጣል። ሙሉ ጋዝ ተከፍቶ፣ ጓዝና ተሳፋሪ ተጭኖ ለረጅም ሰዓት ሲነዳ ሞተሩን ያቀዘቅዝ የነበረው ትርፍ ነዳጅ ይጓደላል። ሙቀቱም ሲያይል ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ የፒስቶኑ አናት እስከ መቅለጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አዲሱ ባለቤት ጥፋቱን በበረሃው ሐሩር ቢያሳብብ አይፈረድበትም።

ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚጓዙ ሞተረኞች ከሚያልፉባቸው መንገዶች አንዱ የዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩም ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ከሺሕ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለትና ዳገት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ያስተናግዳል። ለዚህ የሚበቃ አንድ የናስ ቀዳዳ የለም። ኢንጀክሽን የተሻለ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ፓምፕ ቤንዚኑን በ3 ባር ገደማ ግፊት ይይዘዋል፤ ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ዙርና የጋዙን አከፋፈት ተቀብሎ አፈሙዙ ለስንት ሺሕኛ ሰኮንድ መከፈት እንዳለበት ያሰላል። ይሁን እንጂ የጎደለውን ኦክስጅን አይተካም። ድብልቁን ያስተካክላል፤ በከፍታው ምክንያት የታጣው ኃይል ግን እንደታጣ ይቀራል።

ካርቡሬተር ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ በምድረ በዳ ይታመናል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ያው ኤሌክትሪክ ነው፤ የ1990ዎቹ ጎልድ ዊንግም ካርቡሬተር ቢኖረውም በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚመገብ፣ በእግር የማይነሣና ከ350 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነበር። ለመግፋት የሚሞክር ይሞክር! ትክክለኛው ልዩነት በአበላሸታቸው ላይ ነው። ካርቡሬተር ቀስ በቀስ፣ ምልክት እያሳየ ይበላሻል፤ በመፍቻና በንጹሕ ቤንዚንም ይታከማል። ኢንጀክሽን እምብዛም አይበላሽም፤ ፓምፑ ከቆመ ግን ጉዞው በዚያው ይቆማል። ከፍታ የሚያቋርጥ ተጓዥ ኢንጀክሽኑን ቢመርጥ፣ በአንድ ከፍታ የሚኖርና እጁን ዘይት መንካት የማይከብደው ደግሞ ካርቡሬተሩን በርካሽ ቢገዛ እንመክራለን።

ለግዢ ሲሄዱ ሞተሩን ሳያስነሡ በእጅ ይዳስሱት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል፤ ችግር የሚታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። ኢንጀክሽን ከሆነ ቁልፉ ሲዞር የፓምፑ አጭር ጉርምርምታ ሊሰማ፣ የማስጠንቀቂያውም መብራት በርቶ ሊጠፋ ይገባል። ካርቡሬተር ከሆነና ያለ ቾክ ዝቅተኛ ዙር ላይ የማይረጋ ከሆነ፣ ለወራት የቆመ ቤንዚን ተንኖ የተወው ሙጫ ትንሿን ቀዳዳ ደፍኗት ሊሆን ይችላል። ከጽዋው ሥር ያለችውን ብሎን አላልተው ቤንዚኑን በብርጭቆ ቢቀበሉት ውኃና ዝገት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በመጨረሻም ካርቡሬተሩ ሲፈታ በናሱ ቀዳዳ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በአምራቹ መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ከተጻፈው አንሶ ከተገኘ ሞተር ሳይክሉ የተስተካከለው ለደጋ አየር ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ቆላም ከመውረዱ በፊት ቀዳዳው መለወጥ ይኖርበታል።