የጥር ብርድና የግንቦት ውርጭ

ባለፈው ግንቦት እዚህ ሚኒሶታ አንድ የወይን ገበሬ ጠርቶኝ ሄድኩ። የተከለው ላ ክሬሰንት ነው። የበረዶውን ወራት በደህና ያለፈው ሐረግ በአንድ ሌሊት ውርጭ ቡቃያው ጠቁሮ ጠበቀኝ። «ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ይችላል የተባለ ወይን በ3 ዲግሪ እንዴት ይሞታል?» አለኝ። ይህ ጥያቄ እስካሁን ይከነክነኛል፤ በየዓመቱ ከሌላም ሰው አፍ እሰማዋለሁና።

ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበሬ ያወጣው ይህ ነጭ ወይን ግንዱ ያን ያህል ብርድ ችሏል፤ ያውም ጥሩ ቦታ ላይ ሲተከል። ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለ ግንድ የተነገረውን ለእንቡጥ፣ በጥር የታየውን ለግንቦት ያደርገዋል።

ወይን ብርድ መቻልን እንደ ጋቢ ይለብሰዋል፣ ያወልቀዋልም። ቀኑ ሲያጥር እንጨቱ ይጠነክራል፣ እንቡጡ ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይጨምራል። ሙቀት ሲመለስ ይህ ሁሉ ይፈታል። ቅጠል የጀመረ ቡቃያን ለመግደል ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

እኔን የሚያታክተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ብርድ ቻይነቱና ለውርጭ መጋለጡ ከአንድ ዘር የመጡ ናቸው። የላ ክሬሰንት አንዱ ወላጅ ሴንት ፔፒን ነው፤ ሌላው ደግሞ የወይን አዳቃዩ ኤልመር ስዌንሰን ሪፓሪያን ከሙስካት ሐምቡርግ ጋር አዳቅሎ ያገኘው ነው። የላ ክሬሰንት የአፕሪኮትና የሎሚ ሽታ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ለሙስካቱ ምስጋና ይግባው። ሪፓሪያ ግን በሰሜን አሜሪካ ወንዝ ዳር የሚበቅል የዱር ወይን ነው። በጋው አጭር በሆነበት አገር ስለኖረ ሙቀት እንደሸተተው ይነቃል። ከእሱ የብርዱን ጉልበት ብቻ ወስዶ ችኮላውን መተው ቀላል አይደለም። «ሌላ ድቅል ልትከል» የሚሉኝ ፍሮንተናክ ብላንክን ይጠይቁኛል፤ እሱም የሪፓሪያ ልጅ ነው።

ስለዚህ ከዝርያው በፊት መሬቱን አሳዩኝ እላለሁ። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ረባዳው ላይ ይተኛል። የዚያ ገበሬ ሐረግ ያለው እዚያው ረባዳው ላይ፣ የአየሩን መውጫ በዘጋ የዛፍ አጥር ሥር ነው። ዳገቱ ባዶውን ነው።

መግረዝም እንዲሁ። የካቲት ላይ ሥራ ሲቀል ሁሉን አሳጥሮ መጨረስ ለሠራተኛ ይመቻል፣ ለላ ክሬሰንት ግን አይበጅም። ቅርንጫፉን ረዘም አድርጎ ትቶ፣ ጫፉ ላይ ያሉት እንቡጦች ቀድመው ሲፈነዱ ማየት ይሻላል። እነሱ ሲቀድሙ ከግርጌ ያሉት ይዘገያሉ። የመጨረሻው ቆረጣ ያኔ ይደርሳል፤ ውርጭ ከመጣም የሚወስደው ቀድሞውኑ ሊቆረጥ የነበረውን ጫፍ ነው።