በሪሲቨር የቀረጽነውን ወደ ኮምፒውተር እንዴት እናስገባ?

በዛሬው የቴክኖሎጂ አምዳችን ቤት ባለው የዲሽ ሪሲቨር ፍላሽ ላይ የቀረጽነውን ፕሮግራም እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደምንገለብጥ አስረዳችኋለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም።

ዓምና አያቴ ስለ ሽመና ሥራቸው በቴሌቪዥን ተጠይቀው ነበር። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። አክስቴ ፍላሽ ሰክታ ቀረጸችው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ከፍተን እናያለን። ጥቅምት ላይ አባባ አረፉ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሪሲቨሩ ተቃጠለ። ፍላሹ ግን ደህና ነው። «ታዲያ ፍላሹ ካለ ምን ችግር አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

መጀመሪያ ሪሲቨር እንዴት እንደሚቀርጽ እንይ። ሪሲቨር እንደ ካሜራ ምስሉን አያነሳም። ከሳተላይት የሚመጣው ሥዕልና ድምፅ ድሮውኑ ተጨምቆ በቁጥር የተላከ ስለሆነ፣ ሪሲቨሩ የሚመጣለትን እንዳለ ፍላሹ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ የተቀረጸው ጥራቱ ከተላለፈው አያንስም። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ቲ.ኤስ ይባላል። ቲ.ኤስ እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ትንንሽ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። እንደ መቁጠሪያ አስቡት፤ አንዱ ፍሬ ቢሰበር ሌላው አለ። ቀረጻው መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ የተቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቅነቱንስ? አንድ ቻናል በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ይልካል እንበል። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ ለ8 ስናካፍለው በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ይሆናል። አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 1800 ሜጋ ባይት ማለት ነው። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። (የሒሳብ መምህራችን ይህን አንብበው ደስ እንደሚላቸው እርግጠኛ ነኝ።)

አሁን ወደ ችግሩ። ፍላሹን ይዤ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁና ሰካሁት። ዊንዶውስ ወዲያው «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። እኔም ካለማ ልል፣ እሺ የሚለውን ልጫን ስል የአይሲቲ መምህራችን እጄን ያዙኝ። «ፎርማት ማለት እኮ የመጽሐፉን ማውጫ ቀዶ መጣል ነው፤ ጽሑፉ ውስጡ ቢኖርም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሌላ ነገር ከተጻፈበት ደግሞ እሱም ይጠፋል» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ፍላሹ ግን አልተበላሸም ነበር። አንዳንድ ሪሲቨሮች በውስጣቸው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ፍላሽ ሲሰካባቸው ዊንዶውስ በማያውቀው አቀማመጥ ያዘጋጁታል። መምህራችን ኡቡንቱ ያለበት ላፕቶፕ ስላላቸው እሱ ላይ ስንሰካው ያለምንም ጣጣ ተከፈተ። የእናንተ ፍላሽ ፋት 32 ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስም ያነበዋል።

ውስጡ የቻናሉ ስምና ቀኑ ያለበት ፎልደር አገኘን። ፎልደሩን ስንከፍት ፋይሉ አንድ አይደለም፤ ተቆራርጧል። ፋት 32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ማለፍ ስለማይችል ሪሲቨሮች ረጅም ቀረጻን ይከፋፍሉታል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ገና 1 ጊጋ ሲሞላ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ስትገለብጡ ትልቁን ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጉ። በቁጥር ቅደም ተከተል ነው የሚጫወተው። እንዲጫወት ደግሞ ቪ.ኤል.ሲ የሚባለውን፣ የመንገድ ላይ ብርቱካንማ ኮን የሚመስል ምልክት ያለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ነፃ ነው። ለስልክ እንዲመች ወደ ኤም.ፒ 4 መቀየርም በዚያው በቪ.ኤል.ሲ ይቻላል። ነገር ግን ዋናውን ፋይል አታጥፉ፤ በተቀየረ ቁጥር ጥራቱ ሊቀንስ ይችላል።

አንዳንድ ሪሲቨር ግን ቀረጻውን ይቆልፈዋል። ኮፒ ይሆናል፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አይከፈትም። እንደዚህ ከሆነ መውጫው ሪሲቨሩ በሕይወት እያለ ነው፤ በእሱ ከፍቶ ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልክ መቅረጽ። አያምርም፣ ከምንም ይሻላል። የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ አምስት ደቂቃ የሆነ ነገር ቀርጻችሁ ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

ሌላው የሁላችንም ጠላት ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሹን ስትሰኩ ፎልደራችሁ ጠፍቶ አንዲት ሾርትከት ብቻ ካያችሁ አትደንግጡ፣ እሷንም አትክፈቱ። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩና መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱት። ፍላሹን ከሪሲቨር ስታወጡም ቀረጻውን በስቶፕ አቁማችሁ ይሁን፤ እየጻፈ ሳለ መንቀል ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ወደ አባባ ልመለስ። እኛ ቤት ስናየው ቀረጻው ሁልጊዜ አባባ መወርወሪያውን አንስተው ለጋዜጠኛዋ ሲያሳዩ ይቆም ነበር፤ ያኔ መብራት ጠፍቶ ስለነበር መጨረሻው የለም ብለን ትተነዋል። ቪ.ኤል.ሲ ላይ ግን መወርወሪያውን አሳይተው አላቆመም፤ ቀጠለ። መምህራችን «መብራቱ ሲጠፋ ሪሲቨሩ የቀረጻውን መዝገብ ስላልዘጋ፣ የመጨረሻውን የት እንዳለ ሳያውቀው ቀርቶ ይሆናል» አሉ።

አርባ ሰከንድ ያህል ነው። አባባ መወርወሪያውን ያስቀምጡና ጋዜጠኛዋን «ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም» ይሏታል፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው የአክስቴን ስም ይጠራሉ። እሷ «አቤት አባባ» ስትል ይሰማል፤ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ቤት ወስጄ ሳሳያት አክስቴ ሦስት ጊዜ መልሽው አለችኝ።

ፍላሽ ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተር ክፍል እንገኛለን።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የቴክኖሎጂ አምድ አዘጋጅ፣ 8ኛ «ለ»